የጨው ላቲስ ለምን ኤፍሲሲ ሆነ? ኮምቦልቻ ላለው ጠያቂ

ጥያቄውን የላከው ኮምቦልቻ የሚማር የምህንድስና ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «የገበታ ጨው ሥዕል ላይ አተሞቹ በኪዩቡ ማዕዘን፣ በጠርዙ መሃል፣ በፊቱ መሃል፣ በሁሉም ቦታ አሉ። ርቀታቸውም እኩል ነው። ለእኔ ሲምፕል ኪዩቢክ (ነጥቦቹ በኪዩቡ ማዕዘኖች ብቻ ያሉበት) ነው የሚመስለኝ፤ መምህራችን ግን ኤፍሲሲ (በማዕዘኖቹና በፊቶቹ መሃል ያሉበት) ነው አለን። ለምን? ደግሞ የእኛ ሃንድአውት ላይ ያሉት ፕሪሚቲቭ ቬክተሮች ደሴ ከሚማረው ጓደኛዬ ደብተር ጋር አይገጥሙም፤ ማናችን ነን የተሳሳትነው? በመጨረሻ፣ ነገ ፋብሪካ ብቀጠር ይሄ ሁሉ ቬክተር ምን ይሠራልኛል?»

አብሽር። ከሁለታችሁ የተሳሳተ የለም። መምህርህም ልክ ነው። የተጣመመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ላቲስ ማለት የአተሞች ሰልፍ ነው ብለህ ይዘኸዋል። አይደለም። የላቲስ ነጥብ አተም አይደለም። እላዩ ላይ አተም ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል። እሷን ካቃናህ ሦስቱም ጥያቄዎችህ አብረው ይፈታሉ።

ታዲያ ላቲስ ምንድን ነው? የግፊቶች ስብስብ ነው። ማለቂያ የሌለው ክሪስታል አለህ እንበል። ሳታዞረው፣ ሳትገለብጠው፣ በሆነ አቅጣጫ በሆነ ርቀት ገፋ አድርገው። ዓይኑን ጨፍኖ የነበረ ሰው ዓይኑን ሲገልጥ መገፋቱን ማወቅ ካልቻለ፣ ያ ግፊት የክሪስታሉ ትራንስሌሽን ቬክተር ነው። እንዲህ ያሉትን ግፊቶች በሙሉ ሰብስብና ከአንድ መነሻ ጀምረህ የደረሱበትን ቦታ በነጥብ ምልክት አድርግ። የነጥቦቹ ስብስብ ላቲስ ይባላል። በቃ ይኸው ነው።

አልጋህ ላይ አበባ የታተመበት አንሶላ ካለ አሁኑኑ ሞክረው። የፈለግከውን ቦታ ምረጥ፤ የአበባው መሃል ይሁን፣ የቅጠሉ ጫፍ ይሁን፣ ምንም ያልታተመበት ነጭ ቦታ ይሁን። ከዚያ በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ፣ አቅጣጫውም ጭምር፣ ከመረጥከው ቦታ ጋር ፍጹም አንድ የሆነበትን ቦታ ሁሉ እየፈለግህ በእርሳስ ነጥብ (የአንሶላው ባለቤት ሳታይህ)። ከአበባው መሃል ብትነሳም ከነጩ ቦታ ብትነሳም የሚወጣልህ የነጥብ አሰላለፍ ያው ነው። ያ አሰላለፍ የአንሶላው ላቲስ ነው። አበባውና ቅጠሉ ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚሰካው ነገር፣ ማለትም ቤዚስ ናቸው። ክሪስታልም የሚሠራው እንደዚሁ ነው፤ ላቲስ ትወስዳለህ፣ በየነጥቡ አንድ ዓይነት ቤዚስ ትሰካለህ። ቤዚሱ አንድ አተም ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሊሆን ይችላል፣ በፕሮቲን ክሪስታል ውስጥ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር አተም ይሆናል።

ወደ ቬክተሮቹ እንምጣ። በሦስት አቅጣጫ ለሚሄድ ክሪስታል ሦስት ቬክተር ይበቃል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ እንበላቸው። ማንኛውም ትራንስሌሽን እንዲህ ይጻፋል፦

ት = ም1·ሀ + ም2·ለ + ም3·ሐ

ም1፣ ም2፣ ም3 ሙሉ ቁጥሮች ናቸው። ዜሮም ኔጌቲቭም መሆን ይችላሉ፤ ግማሽ ግን አይፈቀድም። ሦስቱ ቬክተሮች በዚህ ቀመር የላቲሱን ነጥቦች ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀሩ ከደረሱባቸው፣ ፕሪሚቲቭ ይባላሉ።

አሁን ጨውህን እንፈትነው። የኪዩቡን ጎን ጎ እንበለው፤ ለገበታ ጨው 0.564 ናኖሜትር ነው። ቦታዎቹን በግማሽ ጎን እየቆጠርን እንጻፋቸው፤ ማለትም (1፣ 0፣ 0) ስል አንድ ግማሽ ጎን ወደ ቀኝ ማለቴ ነው። ሶዲየሙን (0፣ 0፣ 0) ላይ አስቀምጥ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስትሄድ ክሎሪን ታገኛለህ፣ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ሶዲየም፣ ቀጥሎ እንደገና ክሎሪን። እንግዲህ ሕጉ ቀላል ነው። ሦስቱን ቁጥሮች ደምር፤ ድምሩ ሙሉ በሙሉ ለሁለት ከተካፈለ ቦታው የሶዲየም ነው፣ ካልተካፈለ የክሎሪን ነው።

ክሪስታሉን በ(1፣ 0፣ 0) ብንገፋውስ? አንተ «ሲምፕል ኪዩቢክ ነው» ስትል ይህ ግፊት ይፈቀዳል ማለትህ ነው። ግን ስንገፋው እያንዳንዱ ሶዲየም የክሎሪን ቦታ ላይ ያርፋል፣ ክሎሪኑም የሶዲየሙን ቦታ ይይዛል። ዓይኑን የገለጠው ሰው ወዲያው ያውቅብሃል። ስለዚህ ይህ ግፊት ትራንስሌሽን አይደለም። በ(1፣ 1፣ 0) ስንገፋው ግን ድምሩ በሁለት ይጨምራል፤ ተካፋዩ ተካፋይ፣ የማይካፈለውም የማይካፈል ሆኖ ይቀራል። ሶዲየም በሶዲየም፣ ክሎሪን በክሎሪን ይተካል። የተፈቀዱት ግፊቶች እንግዲህ ድምራቸው ለሁለት የሚካፈሉት ብቻ ናቸው፤ እነሱን ነጥብ አድርገህ ስትሥላቸው የኪዩቡ ማዕዘኖችና የፊቶቹ መሃሎች ይወጡልሃል። ኤፍሲሲ የሚባለው ይኸው ነው። ጨው ማለት የኤፍሲሲ ላቲስ ሆኖ በየነጥቡ ሁለት አተም የተሰካበት ነው፤ አንድ ሶዲየም ነጥቡ ላይ፣ አንድ ክሎሪን ደግሞ ግማሽ ጎን ራቅ ብሎ። ክሎሪኖቹ የራሳቸው ሌላ ላቲስ የላቸውም። ብዙ መጽሐፍ «ሁለት ኤፍሲሲ ላቲሶች እርስ በርስ የተጠላለፉበት» ብሎ ይጽፋል፤ ለዓይን ደስ ይላል፣ ተማሪን ግን ያሳስታል፣ እኔ አልወደውም።

ሂሳቡ እንደሚገጥም በካልኩሌተር አረጋግጥ። በኪዩቡ ውስጥ ያሉት የላቲስ ነጥቦች፦ 8 ማዕዘን ሲባዛ በ1/8፣ 1 ይሆናል፤ 6 ፊት ሲባዛ በ1/2፣ 3 ይሆናል፤ በድምሩ 4። በየነጥቡ አንድ ሶዲየምና አንድ ክሎሪን ስላለ ኪዩቡ 4 ሶዲየምና 4 ክሎሪን ይዟል። የአንድ ሞል ጨው ክብደት 58.44 ግራም ነው። ይህንን በ4 አባዛው፣ ለአቮጋድሮ ቁጥርና ለኪዩቡ ይዘት አካፍለው፤ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.16 ግራም ይመጣልሃል። በሚዛን የሚለካው የጨው እፍጋትም ይኸው ነው። ኪዩቡ ውስጥ አንድ ሶዲየምና አንድ ክሎሪን ብቻ አለ ብትል ኖሮ መልሱ በአራት እጥፍ ያንስ ነበር።

በነገራችን ላይ ያንተ ዓይን ያየውን ኤክስሬይም አንድ ጊዜ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1913 ብራጎች የሚባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት፣ አባትና ልጅ፣ የጨው ቤተሰቦችን በኤክስሬይ ሲመረምሩ ፖታሲየም ክሎራይድ ልክ እንደ ሲምፕል ኪዩቢክ ሆኖ ታያቸው፤ ያውም የኪዩቡ ጎን ከእውነተኛው በግማሽ አንሶ። ሶዲየም ክሎራይድ ግን ኤፍሲሲነቱን አልደበቀም። ለምን? ኤክስሬይ የሚበተነው በኤሌክትሮኖች ነው። ፖታሲየም አንድ ኤሌክትሮን ሲሰጥ 18 ይቀረዋል፤ ክሎሪን አንድ ሲቀበል 18 ይሞላል። ለኤክስሬዩ ሁለቱ መንታ ናቸው፣ አይለያቸውም ማለት ይቻላል። ሶዲየም ግን አንዱን ሰጥቶ 10 ኤሌክትሮን ብቻ ስለሚቀረው ከክሎሪኑ 18 ጋር አይምታታም። ስለዚህ ያንተ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ አተሞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ ልክ ትሆን ነበር። ጎኑ ጎ/2 የሆነ ሲምፕል ኪዩቢክ ይሆን ነበር። ፖሎኒየም የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ብረታ ብረት በእርግጥም እንዲህ ነው የተሠራው።

ይህንኑ ፈተና ሲዚየም ክሎራይድ ላይ ድገመው፣ ምክንያቱም ፈተና ላይ የምትመጣው እሷ ናት። ሲዚየም በማዕዘኖቹ፣ ክሎሪን በኪዩቡ መሃል። ሁሉም ተማሪ አይቶ «ቢሲሲ!» ይላል፤ ማዕዘኖቹና የኪዩቡ መሃል ነጥብ የሆኑበት ላቲስ ማለቱ ነው። በግማሽ የሰውነት ዲያጎናል (ከአንድ ማዕዘን በኪዩቡ መሃል አልፎ ተቃራኒው ማዕዘን የሚደርሰው መስመር) ግፋው፤ ሲዚየም ክሎሪን ላይ ወደቀ። አልተፈቀደም። ላቲሱ ሲምፕል ኪዩቢክ ነው፣ ቤዚሱ ሁለት አተም። ብረት ደግሞ አተሞቹ እነዚያው ቦታዎች ላይ ናቸው፣ ማዕዘንና መሃል፤ ግን ሁሉም ብረት ስለሆነ ያው ግፊት ይፈቀዳል፣ እውነተኛ ቢሲሲ ነው። የቦታው አቀማመጥ አንድ ሆኖ ላቲሱ ይለያያል። ሥዕል ዓይተህ ላቲስ አትፍረድ የምልህ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህ። ያንተ ሃንድአውት ለኤፍሲሲ (0፣ 1፣ 1)፣ (1፣ 0፣ 1)፣ (1፣ 1፣ 0) ይላል፣ የጓደኛህ ደብተር ደግሞ (1፣ 1፣ 0)፣ (1፣ −1፣ 0)፣ (1፣ 0፣ 1)፤ ሁለቱም በጎ/2 ይባዛሉ። ለአንድ ላቲስ የፕሪሚቲቭ ቬክተር ምርጫ ቁጥር ስፍር የለውም። ትክክል መሆኑን የምታውቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ሦስቱም ቬክተሮች እራሳቸው የተፈቀዱ ግፊቶች መሆን አለባቸው፤ ድምራቸውን ስታይ ሁሉም ለሁለት ይካፈላሉ፣ አለፉ። ሁለተኛ፣ ዲተርሚናንታቸውን፣ ማለትም ቬክተሮቹ የሚያጥሩትን ይዘት የሚሰጠውን ቁጥር፣ አስላ። ያንተ 2 ይሰጣል፣ የሱ −2። ምልክቱን ተወው፣ እሱ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። በጎ³/8 ስታባዛው ሁለቱም ጎ³/4 ይሆናሉ፤ ኪዩቡ አራት ነጥብ ስላለው ለአንድ ነጥብ የሚደርሰው ይዘት በትክክል ይኸው ነው። ከፈለግክ አንዱን ከሌላው ማውጣትም ትችላለህ፦ ያንተ (0፣ 1፣ 1) የሱ (1፣ 0፣ 1) ሲቀነስ (1፣ −1፣ 0) ነው። ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው የተጠቀምነው። ቅዳሜ ሐረጎን ወጥተህ ደሴ ስትገባ ለጓደኛህ አሳየው፣ ክርክሩ ያልቃል።

የተሳሳተ ምርጫ ምን ይመስላል ካልክ ወረቀት ላይ ባለ ተራ አራት ማዕዘን ላቲስ ላሳይህ። (1፣ 0) እና (0፣ 1) ይሠራሉ። (1፣ 0) እና (3፣ 1)ም ይሠራሉ፣ ምንም እንኳ ቅርጹ የተንጋደደና የተለጠጠ ቢሆንም፤ ዲተርሚናንቱ 1 ነው። (1፣ 1) እና (1፣ −1) ግን ቆንጆ ይመስላሉ እንጂ አይሠሩም። ዲተርሚናንታቸው −2 ነው፤ ስፋታቸው እጥፍ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ከነጥቦቹ ግማሹን ይዘላሉ። (1፣ 0) ላይ ለመድረስ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ መውሰድ አለብህ፣ ግማሽ ደግሞ ክልክል ነው ብለናል።

ታዲያ ፕሪሚቲቩ ሴል (ሦስቱ ፕሪሚቲቭ ቬክተሮች የሚያጥሩት ቅርጽ) እያለ ለምን አራት እጥፍ የሚያክለውን ኪዩብ እንሥላለን? ለምቾት ብቻ። የኤፍሲሲ ፕሪሚቲቭ ሴል 60 ዲግሪ ማዕዘን ያለው የተንጋደደ ቅርጽ ነው፤ አይተኸው ኪዩባዊነቱን አታውቅም። ትልቁ ኪዩብ ግን ሲሜትሪውን ፊት ለፊት ያሳይሃል። ፈረንሳዊው ኦጉስት ብራቬ እ.ኤ.አ. በ1848 በሦስት አቅጣጫ ሊኖሩ የሚችሉት ላቲሶች 14 ብቻ መሆናቸውን ያሳየው እንዲህ በሲሜትሪ እየለየ ነው። ያኔ አተም መኖሩ ራሱ ያከራክር ነበር፤ ኤክስሬይም ገና አልተገኘም። ላቲስ ያለ አተም ሊታሰብ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ሲሜትሪን ካነሳን አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ላቲስ ያለው ክሪስታል አምስት ዙር ሲሜትሪ ሊኖረው አይችልም፤ ማለትም በ72 ዲግሪ ስታዞረው ራሱ ላይ አይገጥምም። ላቲሱን በአንድ ማዕዘን አዙረህ ራሱ ላይ ከገጠመ፣ የማዞሪያው ማትሪክስ በፕሪሚቲቭ ቬክተሮቹ ሲጻፍ ሁሉም ቁጥሮቹ ሙሉ ናቸው፤ ስለዚህ የማዕዘኑ ኮሳይን እጥፍ ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት። ለ72 ዲግሪ 0.618 ይመጣል። አይሆንም። የተረፉት 60፣ 90፣ 120፣ 180 እና ሙሉው ዙር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 ዳን ሼክትማን በአሉሚኒየምና ማንጋኒዝ ቅይጥ ውስጥ አስር ነጥብ ያለው የዲፍራክሽን ምስል (ጨረር በቁሱ ሲበተን የሚፈጥረውን) ሲያይ ብዙዎች ያላመኑት ለዚህ ነው። ሂሳቡ ግን አልተሻረም፤ እሱ ያገኘው ነገር ሥርዓት አለው፣ ትራንስሌሽን ግን የለውም። እ.ኤ.አ. በ2011 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመበት።

ሦስተኛው ጥያቄህ፣ የፋብሪካው። አንተ ያለህበት ከተማ ቆርቆሮ የሚያመርት ከተማ ነው፣ ከዚያ እንጀምር። ያልተቀባ አዲስ ቆርቆሮ ስታገኝ ፀሐይ ላይ አዘንብለህ እየው። አንዳንዱ ላይ ጠቆር ነጣ ያሉ ጠቃጠቆዎች በግልጽ ይታያሉ። እነሱ ብረቱ የተነከረበት ዚንክ ሲረጋ የፈጠራቸው ክሪስታሎች ናቸው። በአንዱ ጠቃጠቆ ውስጥ ላቲሱ አንድ አቅጣጫ ይዟል፤ ጎረቤቱ ያንኑ ላቲስ ይዞ በሌላ አቅጣጫ ዞሯል፣ ብርሃኑም በሌላ መንገድ ይመለሳል። ዚንኩ ኤችሲፒ (አተሞች በስድስት ጎን ንብርብሮች ተጠጋግተው የተደራረቡበት አቀማመጥ) ነው ይሉሃል፤ ኤችሲፒ ከ14ቱ ብራቬ ላቲሶች ውስጥ እንደሌለ ግን ልብ በል። በአንዱ ንብርብር ካለ አተም ሆነህ ብታይ ከላይህ ያሉት ሦስት ጎረቤቶች ወደ አንድ ወገን ዞረዋል፣ በቀጣዩ ንብርብር ካለው ብታይ ደግሞ ወደ ተቃራኒው። ዙሪያቸው አንድ ስላልሆነ ሁለቱም የላቲስ ነጥብ መሆን አይችሉም። ላቲሱ ሄክሳጎናል ነው፣ ቤዚሱ ሁለት የዚንክ አተም። አልማዝም እንዲሁ ነው፤ ሁሉም አተም ካርቦን ሆኖ ሳለ ኤፍሲሲ ላቲስና ሁለት አተም ያለው ቤዚስ ነው።

ግን ለፋብሪካ ሰው የትራንስሌሽን ቬክተር ዋናው ሥራ ብረት ሲታጠፍ ነው። ፌሮ ስታጥፍ የአተም ንብርብሮች ባንድ ጊዜ አይንሸራተቱም፤ ዲስሎኬሽን የሚባል የመስመር ጉድለት በክሪስታሉ ውስጥ ይጓዛል፣ ባለፈበት ሁሉ ከላይ ያለው ክፍል በአንድ ቬክተር ልክ ተንሸራቶ ይቀራል። ካለፈ በኋላ ክሪስታሉ እንደ ድሮው መግጠም አለበት። እንደ ድሮው የሚገጥመው ደግሞ ግፊቱ ትራንስሌሽን ቬክተር ከሆነ ብቻ ነው! በርገርስ ቬክተር የሚሉህ ይኸው ነው። ጉድለቱ የሚጠይቀው ኃይል (ኢነርጂ) ከዚህ ቬክተር ርዝመት ካሬ ጋር አብሮ ስለሚያድግ ተፈጥሮ አጭሩን ትመርጣለች። ብረት ቢሲሲ ስለሆነ አጭሩ የኪዩቡ ጎን አይደለም፤ ጎኑ 0.287 ናኖሜትር ነው፣ ግማሹ የሰውነት ዲያጎናል ግን 0.248። ይህ አጭር ቬክተር በኪዩቡ አራት ዲያጎናሎች ላይ ስለሚገኝ ብረቱ በብዙ አቅጣጫ መንሸራተት ይችላል፣ ሳይሰበርም ይታጠፍልሃል።

አሁን ኒኬልና አሉሚኒየምን አንድ ለአንድ ቀላቅል። ውሁዱ እንደ ሲዚየም ክሎራይድ ነው የሚደረደረው፤ ኒኬል ማዕዘን ላይ፣ አሉሚኒየም መሃል። የኪዩቡ ጎን 0.289 ናኖሜትር፣ ከብረት እምብዛም አይለይም። ቦታዎቹም የብረት ቦታዎች ናቸው። ነገር ግን ግማሹ ዲያጎናል ኒኬሉን አሉሚኒየም ላይ ስለሚጥለው ትራንስሌሽን አይደለም። ለዲስሎኬሽኑ የሚቀርለት አጭሩ ቬክተር የኪዩቡ ጎን ነው፣ እሱም ሦስት አቅጣጫ ብቻ አለው። በተለያየ አቅጣጫ የዞሩ ብዙ ክሪስታሎች ያሉት ቁራጭ ሳይሰነጠቅ ቅርጹን እንዲቀይር ይህ አይበቃም። ውሁዱ ሙቀት ስለሚችል የጄት ሞተር ምላጭ መሸፈኛ ሆኖ ቢያገለግልም፣ በዚህ ምክንያት በክፍል ሙቀት እንደ ፌሮ ላጥፍህ ብትለው ይሰበራል።